እቴነሽ ቆላ የቀረችበት ጥቅምት

በ1930 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው ልበል? ወይስ በ31? ጎረቤታችን እትዬ እቴነሽ ዘመኑን በቁጥር አይጠሩትም ነበር፤ «የጣርማ በር ዋሻ ሲቆፈር» ነበር የሚሉት። ዋሻው ደግሞ በአንድ ወር ተጀምሮ ያለቀ አይደለም። እኔም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ፣ በጥር ዕረፍት ሸዋ ሮቢት ስመለስ በራቸው ላይ ተቀምጬ የሰማሁትን ነው የምጽፈው፤ ዓመቱን አንባቢ አይመነኝ። ጥቅምት መሆኑን ግን አልጠራጠርም፤ ማሽላ ወተት የሚይዘው ያኔ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላት ልጅ ናትና እቴነሽ ብቻ ብዬ ልጥራት። የመንዝ ልጅ ናት። ባሏ ለጣሊያን መንገድ ሥራ ተገድዶ ወደ ቆላ ሲወርድ ተከትላው ወረደች፤ ክረምቱ ሳይወጣ ወባ ገደለው። ወደ አገሯ እንዳትመለስ የደጋው አፋፍ ላይ አርበኞችና ጣሊያን ይታኮሳሉ። ሩቂያ የምትባል የቀወት ገበሬ፣ የራሷ ባል አብዱልፈታህም ለመንገድ ሥራ ተወስዶባት ብቻዋን ስለነበረች፣ «ነይ፣ ሁለት ብቸኛ ከሚሆን አንድ ቤት ይሁን» ብላ ወሰደቻት። ሩቂያ ሙስሊም ናት፤ እቴነሽ ክርስቲያን። በመጀመሪያው ቀን ሩቂያ አዲስ ድስትና ከነነፍሷ አንዲት ዶሮ ሰጠቻት። «ከወንዙ ማዶ የእናንተ ሰው አለ። እሱ ይባርክልሽ፣ በራስሽ ድስት ሠርተሽ ብዪ። እኔ ቤት ጾምሽን አታድሪም» አለቻት።

ያም ሆኖ እቴነሽ ቆላውን ጠላችው። ሙቀቱ ያፍናታል፣ ትንኙን ስታይ ባሏ ትዝ ይላታል። ልቧ የተመለሰው ማማ ላይ ነው፤ ማማ በማሽላው መሀል በአራት እንጨት ላይ የሚቆም የጠባቂ መቀመጫ ነው። ግሪሳ የሚባለው ወፍ እንደ ደመና መጥቶ ማሳውን ከማራገፉ በፊት ከዚያ ላይ ሆኖ በጩኸትና በወንጭፍ ማባረር ነው። ታዲያ የዚያ አገር ሰዎች፣ ይፋቶች፣ ወፍ ዝም ብለው አያባርሩም። ከተራራው በኩል ያለው ይጮህና «ተቀበል!» ይላል፤ ቀጣዩ ተቀብሎ ለሌላው ያስተላልፋል፤ እንዲህ እየተቀባበሉ መንጋው ማንም ማሳ ላይ ሳያርፍ ወንዙ ዳር ያለው ጫካ ይገባል። እቴነሽ ይህን ማን ነግሯት! የመጀመሪያ ቀን ደንግጣ ወንጭፏን ስታስወነጭፍ መንጋውን ገልብጣ ወደ ላይ፣ ወደ ኢብሮ ማሳ መለሰችው።

ኢብሮ ቀልደኛ ሽማግሌ ነው። ከማማው ላይ ቆሞ «አንቺ ደገኛ!» አለ። «ለአገርሽ ሰው መልእክት እየላክሽ ነው? መልእክተኞችሽ እኮ ምሳቸውን እኔ ቤት ሊበሉ ነው!»

ሸለቆው ሁሉ ሳቀ። እሷም ባሏ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ከዚያ በኋላ ሰዎቹን ከመልካቸው በፊት በድምፃቸው አወቀቻቸው። ማን ጉንፋን እንደያዘው፣ ማን ከሚስቱ ተጣልቶ እንዳደረ ከአጯጯሁ ትለይ ጀመር። ሩቂያ ጥንቅሽ ቆርጣ ታቀብላታለች፤ አገዳ ይህን ያህል እንደሚጣፍጥ ደጋ ሆና ሰምታ አታውቅም። እያላመጠች ንጋት ላይ ሜዳው ከጨለማ ሲወጣ ታያለች። «አገር ከላይ ሲያዩት ነው የሚወደደው» ይሉኝ ነበር እትዬ።

ማሽላው ወተት በያዘ ሰሞን የሶላቶው፣ የጣሊያን ወታደሩ፣ አስተርጓሚ መጣ። «ከእንግዲህ ማማ ላይ መጮህ ክልክል ነው። ጩኸታችሁ ለሽፍቶች ምልክት ነው ተብሏል» አለ። ኢብሮ መፍትሔ አገኘሁ ብሎ በማግስቱ ጅራፉን አጮኸ። ጥይት የመሰላቸው ወታደሮች መንገዱ ላይ በሆዳቸው ተኙ። ከዚያማ ተነሥተው ጅራፉን ነጥቀው በዚያው ገረፉት። «ስንት ዘመን በሬ ስመታበት እንዲህ የሚያም አይመስለኝም ነበር» አለ ጀርባውን እያሻሸ።

በዚያው ሳምንት የእቴነሽ ወንድም አስፋው አፋፉ ላይ ተኩሱ ጋብ ሲል ሊወስዳት ወረደ።

«ተነሺ፣ እንሂድ። ባልሽን የበላ ቆላ አንቺን ይምራል?»

«ማሽላው ወተት ይዟል እኮ።»

«የማን ማሽላ?»

«የእኛ።»

አስፋው ሩቂያን አየ፣ እህቱን አየ። «የእኛ?»

ሩቂያ ግን እውነቱን ሳትደብቅ ተናገረች፤ «ወንድሜ፣ ወፉ ከበላው ለራሴም የምቀምሰው የለኝም። ያን ጊዜ ይዘሃት ትሄዳለህ፤ በረሃብ አላስቀራትም። ከተረፈ ግን ምርጫው የሷ ነው።»

እቴነሽ የገመድ ገማጅ ልጅ ናት። ያን ቀን ከሰፈሩ ቃጫ ሰበሰበች። አስፋው ትንሽ አኩርፎ ቆየና፣ «እንዲህ ተገምዶ ይበጠስብሻል» ብሎ ከእጇ ነጥቆ አብሯት ይገምድ ጀመር፤ የአባታቸው ሙያ ነውና ዝም ብሎ ማየት አልሆነለትም። ሴቶቹ ከጣሊያን ሰፈር የተጣለ ባዶ ጣሳ ለቀሙ። ጣሳውን ጠጠር እየጨመሩ በገመዱ ላይ አንጠለጠሉ፣ ገመዱን ከማማ ማማ ወጠሩ። አንዱ ሲስብ ጣሳው ይንኳኳል፤ ቀጣዩ ያን ሰምቶ የራሱን ይስባል፤ መንጋው እንደ ድሮው ወደ ወንዝ ይነዳል። አፍ የከፈተ ሰው የለም።

አስተርጓሚው ሶላቶውን ይዞ መጣ። ሩቂያ ከማማው ሥር ቆማ፣ «የከለከላችሁት ጩኸት ነው፤ ስለ ጣሳ ያላችሁን የለም» አለች። ሶላቶው ቀና ብሎ የራሱን የሰርዲን ጣሳ አየ፣ ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ።

ሁሉም አልተረፈም። የታችኛው ማሳ ገመድ ሳይደርሰው ተበልቷል። የሩቂያ ጎተራ ግን ሞላ። አውድማው ሲያልቅ አስፋው አህያውን ጭኖ ብቻውን ተነሣ።

«ለእናታችን ምን ልበላት?»

«ጎረቤት አላት በላት።»

እትዬ እቴነሽ ይህን የመጨረሻውን የነገሩኝ ካራቆሬ የሚሄድ መኪና ሲጠብቁ ነው። የሩቂያ የልጅ ልጅ እዚያ ትዳራለች። ፊት ለፊታችን የመንዝ ተራራ ጥርት ብሎ ይታያል። ጣሊያን ከወጣ በኋላ መንገዱ ክፍት ነበር፤ እሳቸው ግን ለአንድ ቀን እንኳ እንዳልወጡ አውቃለሁ። «ወንድምዎ አህያውን እየነዳ ሲርቅ ልብዎ ምን አለ?» ልላቸው አፌን ስከፍት መኪናው ጥሩምባውን ነፋ።

«ቆይ እንግዲህ ልጄ፣ ሙሽራዋ እኔ ሳልመርቃት አትወጣም» አሉና ነጠላቸውን አጣፍተው ተሳፈሩ። መኪናው ወደ ካራቆሬ ሄደ።