ቢዮ አዋሌ ላይ የፈረሰው ሰርግ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ድሬዳዋ ውስጥ የሚያመልጠኝ ትያትር የለም። ሰሞኑን ካየኋቸው አንዱ ኮሜዲ ነበር፤ ተዋናዮቹ ከተመልካቹ ቀድመው ይስቃሉ። ሌላው ታሪኩ ጥሩ ሆኖ ድምፅ ማጉያው ጆሮ ያደነቁራል። ባለፈው እሁድ ያየሁት ሙዚቃዊ ትያትር ግን ልቤን ወሰደው። ያለፈቃዷ ልትዳር ስለተቃረበች ልጅ ነው። ወጣቶቹ በአማርኛ ጀምረው በኦሮምኛ ይመልሳሉ፣ በሶማሊኛ ዘፍነው በሐረሪ ይቀላለዳሉ፤ ልክ መጋላ ገበያ ውስጥ እንደምንነጋገረው። አዳራሹ በሙቀት ይፋጃል፤ እኔ ግን ሐሳቤ ጭልጥ ብሎ ከከተማው ወጣ ወዳለችው ገጠር፣ ወደ ቢዮ አዋሌ ሄዷል።

በወጣትነቴ የቀበሌያችን ትያትር ክበብ አባል ነበርኩ። ደራሲያችንም አዘጋጃችንም ጋሽ መኩሪያ የሚባሉ የአማርኛ መምህር ነበሩ። ውጭ ሦስት ቋንቋ እያቀላቀልን የምናወራ ልጆች መድረክ ላይ ስንወጣ እንደ መጽሐፍ እንናገር ነበር። በዚያ ክረምት የምንሠራው ትያትር አባት ልጁን ለሀብታም ሽማግሌ ሲድር የሚያሳይ ነው። ሽማግሌው እኔ ነኝ፤ የጥጥ ጢም በሙጫ ለጥፈውልኛል። ሙሽራዋ ፈትያ ነበረች፤ የመጋላ ጨርቅ ነጋዴ ልጅ፣ በእናቷ ኦሮሞ። አባቷ የፈቀዱላት ከመግሪብ ሶላት በፊት ቤት እንድትገባ አስምለው ነው።

ለቢዮ አዋሌ ገበያ ቀን ተጋበዝንና በጭነት መኪና ተሳፈርን። ዝናብ ጣል አድርጎ ኮረብታው ለምልሟል። መንገድ ዳር ሴቶች በለስ በቢላዋ እየላጡ ይሸጣሉ። እኛ በለሱንም፣ በጋዜጣ የጠቀለልነውን ሳንቡሳም እየበላን እንዘፍናለን። ተረበኛዋ ፈትያ ግን ያን ቀን አንድ ቃል አልወጣትም፤ የሰጠኋትንም ሳንቡሳ እጇ ላይ አቀዘቀዘችው።

ግራር ሥር ሸራ አንጥፈን ጀመርን። ሰዉ መጀመሪያ ከበበን፤ ቆይቶ አንድ በአንድ ወደ ወተቱና ወደ ፍየሉ መመለስ ያዘ። ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው፤ የመጽሐፍ አማርኛችን አልገባውማ! ጋሽ መኩሪያ ላባቸው በአፍንጫቸው ይወርዳል። አባትየው ልጁን ለእኔ የሚሰጥበት ክፍል ደረሰ። ድርሰቱ ላይ ፈትያ አንገቷን ደፍታ ማልቀስ ነበረባት። እሷ ግን ቀና አለችና በኦሮምኛ ጮኸች፤

«አባኮ፣ ሂን ፌዹ!»

አባቴ፣ አልፈልግም ማለቷ ነው። ገበያው ዞር አለ። እኔም ኳስ ሜዳ ላይ በለቃቀምኳት ኦሮምኛ «ብዙ ከብት አለኝ!» ብዬ መለስኩ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ፤ የሄደውም ተመለሰ። ወዲያው አንዲት ባልቴት ዱላቸውን ተመርኩዘው ሸራው ላይ ወጡና ፊቴ ቆሙ።

«ሴት ልጅ አለህ?» አሉኝ።

«አ... አለኝ።»

«ከዚህች ታንሳለች ትበልጣለች?»

ይህ ድርሰቱ ላይ የለም። ጋሽ መኩሪያን ብመለከት አፋቸውን ይዘዋል። «ትበልጣለች» አልኩ።

«አታፍርም!» አሉና የፈትያን እጅ ይዘው ሴቶቹ መሀል ወስደው አስቀመጧት። ሴቶቹ በሻሻቸው ሸፈኗት። ብንጠብቅ፣ ብንጠራት አትመለስም። ሙሽራ የሌለው ሙሽራ ሆኜ ቀረሁ። ቢጨንቀኝ ጢሜን ገንጥዬ ጣልኩት፤ ገበያው አጨበጨበ። ትያትሩም በዚሁ አለቀ።

ስንመለስ ጋሽ መኩሪያ «ድርሰቴን ገደልሽው እኮ!» አሏት።

«ይቅርታ ጋሼ» አለች ፈትያ። «አባዬ ለጅቡቲ ነጋዴ ሊድረኝ ነው። የሱ ልጅ እኔን ትበልጠኛለች። መስከረም ላይ ነው ሰርጉ።»

ጋሽ መኩሪያ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?» አልኳት።

«እዚያ ያልኩትን እቤትም እለዋለሁ። አቦ፣ ገበያ ሙሉ ሰው ፊት ያልኩት ለአንድ ሰው ያቅተኛል?»

አቅቷት ነበር ማለት ይቻላል፤ ከቤታቸው በር ሁለቴ መመለሷን በኋላ ነግራኛለች። ግን አለችው። እናቷም አጠገቧ ቆሙ። አባቷ ለወራት አላነጋገሯትም፤ ከክበቡም አስወጧት። ሰርጉ ግን ቀረ። ተምራ ነርስ ሆነች፤ የወደደችውንም አገባች። የወደደችው እኔ አልነበርኩም፤ ሰርጓ ላይ ግን ከሁሉም በላይ የጨፈርኩት እኔ ነኝ። መድረክ ላይ ሁለተኛ አልወጣችም፤ ትያትር ለማየትም እሺ ብላ አታውቅም።

የእሁዱን ትያትር እያየሁ የዛሬዎቹ ልጆች በችሎታ በጣም እንደሚበልጡን አሰብኩ። እኛ ቢዮ አዋሌ ላይ ሳናውቀው ያገኘነውን፣ በሰዉ ቋንቋ መጫወትን፣ እነሱ አውቀው ይሠሩታል። አልቀናሁም፤ ደስ አለኝ። ሰኞ ጠዋት ለፈትያ ደውዬ ትያትሩ ያለፈቃዷ ስለምትዳር ልጅ መሆኑን ነገርኳት።

«ነይ እንይ» አልኳት።

«ጉልበቴ አቦ፣ ደረጃ አልችልም።» ቀጥላም «ልጅቷን ይድሯታል?» አለችኝ።

«አይድሯትም። እምቢ ትላለች፤ ያውም በዘፈን።»

«አባቷስ?»

«መጨረሻ ላይ አብሯት ይዘፍናል።»



«እሱን ማየት አለብኝ» አለች። «ባጃጅ ይዘህ ና።»