የበሶ ወፍ

እናቴን ይቅር ብያታለሁ እላለሁ፤ የሚለው ግን አፌ ነው። በሶ ሲታሽ ባየሁ ቁጥር ያ ከሰዓት በኋላ ይመጣብኝና ሆዴ ይሻክራል።

ክፉው ቀን ነበር። ከወግዲ በኩል ባለችው መንደራችን ዝናብ ከቀረ ሰንብቷል፤ በሬዎቻችን አልቀዋል፤ አባቴም ሥራ ፍለጋ ቆላ ወርዶ ድምፁ ጠፍቷል። ቤት የቀረነው እናቴ፣ እኔ፣ ታናሽ እህቴና ጡት ከተወ ብዙም ያልቆየው ትንሹ ወንድማችን ነበርን።

አንድ ቀን እናቴ የመጨረሻዋን ገብስ ቆልታ ፈጨች። ቅሉ ላይ ተጣብቃ የቀረችውን ማር በሙቅ ውኃ አለቅልቃ ዱቄቱን አሸችበት። ከዚያ ያልጠበቅነውን ነገር አለች፦ «ኑ እስቲ፣ አውሬና ወፍ እንሥራ።»

ሳቅ ከረሳን ከርመን ነበር። እህቴ ኤሊ ሠራች፤ ጀርባውን በጥፍሯ ጫጫረችው። እኔ ጃርት ሠርቼ ስንደዶ እየሰባበርኩ እሾህ ተከልኩለት። ወንድሜ ጣቱን እየላሰ፣ እናቴ እየረዳችው፣ አንዲት ወፍ አበጀ። ለሁሉም ዓይናቸው ጥቁር አዝሙድ ሆነ። «ያንቺን ተለቅ አድርጊው» አለችኝ እናቴ። የታላቅነት ክብር መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ። ሞኝ!

ወንድሜ ግን አላስቻለውም፤ የወፏን ራስ ግምጥ አደረገው። እናቴ ከእጁ ነጠቀችው።

«ለነገ ነው! ነገ ማርያም አይደለች? ያኔ ሁላችሁም ትበላላችሁ።»

እያለቀሰ ተኛ። በማርያም ስም ነው የዋሸችን።

መጠርጠር ነበረብኝ። በሶ የመንገደኛ ስንቅ ነው። እኛ አገር አንዲት ሴት በሶ ስታሽ ያየ ጎረቤት «ማን ሊሄድ ነው?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ ሌላ ነገር አያስብም። ይህን ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ እኔም አውቀው ነበር። ግን ለመንገደኛ ስንቅ ብሎ ጃርት የሚሠራ ማን አለ?

ጠዋት የአባቴ ዘመድ የሆኑ ሴትዮ በቅሏቸውን እየሳቡ ደጃችን ደረሱ። መካነ ሰላም ጨው የሚነግዱ እስላም ናቸው። ወሎ እንዲህ ነው፤ ከአንድ ቤት ወጥቶ አንዱ ቤተ ክርስቲያን ይስማል፣ ሌላው መስጊድ ይሰግዳል። እናቴ ነጠላዬን አስተካከለችልኝና አንድ ቋጠሮ አስያዘችኝ።

«የእትዬ ዕቃ ነው። እስከ ወንዙ ድረስ ሸኚያቸው።»

ወንዙ ጋ ስንደርስ ቋጠሮውን ላቀብላቸው እጄን ዘረጋሁ። እጄን ያዙት።

«ልመለስ እንጂ፣ እትዬ።»

«ወዴት ነው የምትመለሽው? ከእኔ ጋር ልትኖሪ አይደል እንዴ? ወላሂ፣ ‹ነግሬያታለሁ› ብላኝ ነበር!» ደነገጡ። ከዚያም ራሴን ዳበስ አደረጉኝ። «አብሽሪ ልጄ። አብሽሪ።»

ዞሬ ዳገቱን አየሁ። እናቴ አልነበረችም። ቆማ እንኳ አልሸኘችኝም።

የዚያን ዕለት ማምሻውን መካነ ሰላም ደርሰን ቋጠሮውን ስፈታው ከላይ ጃርቴ አለ። ከሥሩ የእህቴ ኤሊ። ከሁሉም በታች ደግሞ ራስ የሌላት ወፍ። ለካ እኔን ብቻ አልነበረም የሸወደችው። እንዴት እንደጠላኋት!

እትዬ ክፉ አልነበሩም፤ አበሉኝ፣ ትምህርት ቤትም አስገቡኝ። ሬዲዮኑ ንጉሡ ወረዱ ሲል፣ ቀጥሎም መሬት ለአራሹ ሲል፣ ከተማው በጭብጨባ ተናጋ። የእኔ ጠብ ግን ከመንግሥት አልነበረም፤ ከአንዲት ገበሬ ሴት ጋር ነበር።

እናቴ የመጣችው ክፉው ቀን ካለፈ በኋላ ነው። እህቴን ብቻ አስከትላ። ወንድማችን ያንን ክረምት አልተሻገረም።

«ለምን ዋሸሽኝ?» አልኳት፣ ሰላም እንኳ ሳልላት።

«ብነግርሽ ትሄጂልኝ ነበር?»

«አልሄድም ነበር!»

«እንግዲያ!» አለች።

ይህ ይብስ አናደደኝ። ላሳምማት ፈለግሁ። «እሱስ? ሲነጋ ‹ወፌስ?› ሲልሽ ምን አልሽው?»

ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

«‹በረረች› አልኩት» አለች። «እሱም ‹ራስ ሳይኖራት?› አለኝ።»