ሐሙስን ለመምህር የሰጠ ወፍጮ

አስቀድሜ ማን እንደነበርኩ ልናገር። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደሉን ከሱቅ ሰሌዳ ላይ፣ ሞተሩን ጣሊያን ጥሎት ከሄደ አሮጌ ካሚዮን ላይ ብቻዬን ነው የተማርኩት። በደርግ ጊዜ ከአጋሮ እስከ ሰቃ ወፍጮ በቆመ ቁጥር የሚጠራው እኔ ነበርኩ። ጅማ መርካቶ ያለችው ጋራዤ በር ላይ በቅሏቸውን አስረው ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ። ጉራ ነው የሚል ይኖር ይሆናል፤ ጉራም ቢሆን እውነት ነው።

በዚያ ዘመን ጅማ ኮሌጅ ውስጥ የእርሻ መሣሪያ ምህንድስና የሚያስተምር አንድ የጎጃም ሰው ነበር። ተማሪዎቹን እየያዘ ጋራዤ ይመጣ ስለነበር ተወዳጀን። ደመወዙን የሚደጉምለትና ተማሪዎቹ ብረት መቅረጽ ለሚለማመዱበት ቶርኖ ብረት የሚገዛለት አንድ የውጭ አገር ድርጅት ነበር። ውሉ አለቀና ድጎማው ቆመ። በዚያው ሰሞን ከአዲስ አበባ የተሻለ ሥራ መጣለት። እሱ ከሄደ የሚተካው ስላልነበረ ትምህርቱ መዘጋቱ ነው።

"ክረምት ሲገባ እሄዳለሁ፣ ጋሼ" አለኝ። "ልጆቼን ብረት አላበላቸውም።"

እኔ ግን የአባቶቻችንን ወግ አውቃለሁ። ድሮ የቁርአን አስተማሪ እንዳይሰደድ ሀብት ያለው ሰው አንድ የቡና ማሳ ወቅፍ ያደርግ ነበር፤ ምርቱ ለማስተማሪያው ቦታ ነው። ዛሬ ያለው ሼኽ ቢሞት ነገ የሚመጣው ይበላበታል። አሁን መሬቱ የመንግሥት ሆኗል፤ ወፍጮ ግን አለ። ሰርቦ ያለውን የገበሬ ማኅበር ወፍጮ የተከልኩት እኔ ነኝ። በሳምንት የአንድ ቀን ገቢውን ለዚያ ትምህርት ቢለቅስ ብዬ ስብሰባቸው ላይ ተገኘሁ።

"ዓርብን ውሰድ" አለኝ ሊቀመንበሩ።

"ዓርብማ ወፍጮውም ይሰግዳል። ሐሙስን ስጠኝ።"

"ሐሙስ ገበያችን ነው፣ ኦቦ። ልባችንን ልታወጣው ነው?"

"ቀበቶው ሲበጠስ ማንን ነው የምትጠራው?"

ቤቱ ሳቀ። ሊቀመንበሩም ሳቀ፤ ግን "አውራጃ ቢጠይቁኝስ?" አለ።

"ለምርት ዘመቻ የሰው ኃይል ማፍሪያ ነው በላቸው። እስቲ ማን ይቃወማል?"

"ቶሌ፣ ይሁን" አሉ ዳር የተቀመጡት የሰርቦው ሼኽ። እሳቸው እሺ ካሉ ነገሩ አለቀ።

ሮጬ ሄጄ ለመምህሩ ነገርኩት። "ከእንግዲህ ሰርቦ ያበላሃል!" ስለው ፊቱ ጠቆረ።

"እኔ ለምኖ የሚማር ደረሳ ነኝ? በየሐሙሱ ስልቻ ይዤ ወፍጮ ቤት ልቁም? ጋሼ፣ ምጽዋት ከምበላ አዲስ አበባ ይሻለኛል።"

በእኛ ዘንድ አስተማሪን ማብላት ክብር ነው፤ እሱ ግን ልመና መሰለው። ከዚያ በላይ አልተከራከርኩም። በማግስቱ በመኪና አሳፍሬ ሰርቦ ወሰድኩትና ሼኹ ፊት አስቀመጥኩት።

"ልጄ" አሉት፣ "ለአንተ ማን ሰጠህ? የሰጠነው ለትምህርቱ ነው። ነገ ብትሄድ ሐሙስ ተከትሎህ አይሄድም። አንተም እንደ ሌላው በልተህበት ታልፋለህ።"

መምህሩ፣ "አያቴ የድጓ መምህር ነበሩ" አለ። "ወንበር ዘርግተው ሲያስተምሩ የሚበሉት ደብሩ ለወንበሩ ከተከለው መሬት ነበር። እሳቸው ሲያርፉ መሬቱን ተተኪው ወሰደው፤ እኛ የልጅ ልጆቻቸው አላለቀስንም።"

"እንግዲያስ ይህንን ከእኛ ልትማር ለምን መጣህ?" አሉት ሼኹ። ሁለቱም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ነገሩ ያለቀው በእኔ ነውና።

መምህሩ አንድ ነገር ብቻ ለመነ፤ ገንዘቡ በእጁ ሳይሆን በኮሌጁ ገንዘብ ያዥ በኩል እንዲያልፍ፣ ከእሱ ድጎማ የተረፈውም ብረት እንዲገዛበት። ተስማማን። ለአዲስ አበባም አልመጣም ብሎ መለሰ።

እኔ ካልተናገርኩ ማንም አይናገርልኝምና ያደረግኩትን ልዘርዝር። መምህሩን አስቀረሁ። ሐሙስን ያህል ቀን ከሰርቦ ላይ በአፌ ወሰድኩ። ሰቃ ይህን ሰምታ ቀናችና ማክሰኞዋን ሰጠች፤ ያንንም የጠየቅኩት እኔ ነኝ። ቶርኖው አንድ ቀን እንኳ ሳይቆለፍ ቆየ። መምህሩ ኋላ ለትምህርት ውጭ ሲሄድ ተማሪው ተተካ፣ ድጎማውም ለእሱ ቀጠለ። የናፍጣ ፓምፕ አፈታቱን ለተማሪዎቹ ራሴ አሳየሁ። ዲፕሎማ ባይሰጡኝም ኮሌጁ እንደ አስተማሪዎቹ ሰማያዊ ቱታ ሰጥቶኛል፤ አልሐምዱሊላህ፣ በልኬ የተሰፋ ነበር።