ሻምበል ዘርአጽዮን ሒሱን የዋጠ ዕለት

ሻምበል ዘርአጽዮን የአየር ወለዱ የጃንጥላ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበር። ጃንጥላ ስል የወይዘሮዎች የፀሐይ መከለያ እንዳይመስላችሁ፤ ወታደር ከሰማይ ሲወረወር አጥንቱን የሚያተርፍለትን ማለቴ ነው። ግምጃ ቤቱ ከቦሌ ኤርፖርት ጀርባ፣ ፊቱን ወደ ቡልቡላ ገብስ ማሳ ያዞረ ረጅም የቆርቆሮ ቤት ነው። ሰውየው እዚያ ውስጥ እንደ ባላባት ተንሰራፍቶ ነበር። መሬት ለአራሹ ከታወጀ ስንት ዘመኑ፤ ጃንጥላ ለዘላዩ ግን ገና አልታወጀም።

ሰነፍ ነበር ብዬ አላማውም። መደርደሪያው ቀጥ ያለ፣ ጫማው የሚያብለጨልጭ ነው። በየጥቅሉ ላይም በቆንጆ የእጅ ጽሑፉ «ዝግጁ» የሚል ካርቶን አንጠልጥሏል። ውስጡ ያለው ጨርቅ ከታጠፈ ወዲህ ስንት ክረምት እንዳለፈበት የሚናገር ካርቶን ግን የለም። ወታደሮቹ «ሻምበል፣ ይሄ መቼ ነው የታየው?» ሲሉት፣ «ማንበብ አትችሉም? ዝግጁ ይላል» ይላቸዋል። እሱ ራሱ ዘሎ አያውቅም። ላምበረት ያለው ቤቱ ጣሪያ ሲያፈስ እንኳ መሰላል ላይ የምትወጣው ሚስቱ ትበርህ ናት።

በሰማንያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ግምገማ ተጠራ። አዲሱ አዛዥ ኮሎኔል ገመዳ «ሒስ አቅርቡ» አለ። እንደ ወጉ ሁሉም ጫማውን ማየት ጀመረ። ያን ጊዜ ሐምሳ አለቃ ፊሊጶስ፣ ቁርጭምጭሚቱ በዝላይ ብዛት የዝናብ ትንበያ የሚሰጥ ሰው፣ ተነሣ።

«በሻምበል ላይ ሒስ የለኝም። ግን ዝግጁ ብሎ የጻፈ ሰው፣ እኛ በመረጥንለት ጥቅል አንዴ ቢዘልስ?»

አዳራሹ አጨበጨበ። በግምገማ ጭብጨባ ውሳኔ ነው።

«ምን ትላለህ?» አለ ኮሎኔሉ።

ዘርአጽዮን ስብሰባ ላይ በጨነቀው ቁጥር የሚላት አንዲት መውጫ ነበረችው። አፉ ከጭንቅላቱ ቀደመና «ሒሴን ውጫለሁ» አለ።

«ጥሩ፤ ከፋሲካ በኋላ ትዘላለህ።»

ማታ ለትበርህ «በጃንጥላ ልወርድ ነው» አላት።

«ከየት?»

«ከሰማይ።»

ሽንኩርት መላጧን አላቆመችም። «ዝናብ ነህ እንዴ? ማን ነው ውረድ ያለህ?»

«ሒሴን ውጬ ነው።»

«ከዋጥከው ዝም ብለህ ተኛ፤ ምን ያዘልልሃል?»

አልተኛም። በማግስቱ መደርደሪያውን ሁሉ ገለበጠው። ፊሊጶስ የትኛውን እንደሚያነሣ ስለማያውቅ ሁሉንም መፍታት ግድ ሆነበት። አንዱ ሸቷል፣ አንዱ ውስጥ አይጥ ወልዳበታለች፣ አንዱ ገመዱ እንደ አሮጌ የጫማ ማሰሪያ በእጁ ላይ ተበጠሰ። የአብዮቱ ንቃት ያላመጣለትን ንቃት ነፍሱ በአንድ ጀምበር አመጣችለት። በቆንጆ ጽሑፉ የጻፋቸውን ካርቶኖች እየቀደደ ከረጢት ሞላ።

«ሻምበል፣ ምን አደከመዎት? ዝግጁ ይላል እኮ» አሉት ወታደሮቹ።

«ዝም ብላችሁ ጫፉን ያዙ።»

ደህናው ጨርቅ ሁሉ ታጥቦ አጥር ላይ ተሰጣ። የቡልቡላ ገበሬዎች የሠርግ ድንኳን መስሏቸው ሙሽራው ማን እንደሆነ ሊጠይቁ መጡ። «ያውላችሁ» ብሎ ፊሊጶስ ዘርአጽዮንን አሳያቸው።

ቀኑ ደረሰ። ፊሊጶስ ከታችኛው መደርደሪያ ጥግ አንዱን ጥቅል አወጣለት። ሄሊኮፕተሩ ተነሣ። ቡልቡላ እንደ ምንጣፍ ስትዘረጋ ዘርአጽዮን በሩን በሁለት እጁ ያዘ።

«ፊሊጶስ፣ እንዳትገፋኝ። ራሴ...»

ራሱ ይሁን ሌላ ሰው እስከ ዛሬ አልተጣራም። ጃንጥላው ግን ተከፈተ። ሰውየው ማሳው መሀል በመቀመጫው አረፈ። ወታደሮቹ እየሮጡ ሲደርሱ ገጹ አመድ መስሏል፤ ድምፁ ግን ደህና ነበር። «ጨርቁን አትርገጡት» አላቸው።

ሳምንት ሳይቆይ ኮሎኔል ገመዳ ግምጃ ቤቱ መጣ።

«ስንቱ ዝግጁ ነው?»

«ግማሹ፣ ጌታዬ።»

«እንግዶች ይመጣሉ። ሁሉም ላይ ዝግጁ ብለህ ጻፍ።»

ዘርአጽዮን እስክሪብቶውን ከኪሱ አውጥቶ በሁለት እጁ ዘረጋለት። «እንግዲያው እርስዎ ይጻፉልኝ።»

ኮሎኔሉ እስክሪብቶውን ሊቀበል እጁን ሰነዘረ። ፊሊጶስ አንድ ጥቅል ታቅፎ በሩ ላይ ቆሞ በታላቅ አክብሮት ይጠብቃል።

«ግማሹም ብዙ ነው» አለ ኮሎኔሉ፣ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ።