ቀለሙ ለቋል ብዬ የተጣላሁበት ዱንጉዛ

ይህ የደረሰብኝ አምና የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሲቃረብ ነው። የማልረሳው፣ ሰው ላሳፍር ወጥቼ ይዤ የተመለስኩትን ነገር እስካሁን ማመን ስላቃተኝ ነው።

ሶዶ ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ። በዓል ሲደርስ ሰው ሁሉ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር የተሰመረበትን የዱንጉዛ ልብስ ስለሚያሰፋ፣ የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጄ ምሕረት ቁልፍ በመትከል ታግዘኛለች። አንድ ቀን ግራ ዓይኗን ጨፍና መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት ስትታገል ቆየችና፣ "እማ፣ ይሄ ጨርቅ ቀዩ ለቋል እኮ" አለችኝ።

አየሁት። እውነትም የለቀቀ መሰለኝ! የሸጠችልኝ አልማዝ ናታ፤ የጨርቅ ነጋዴዋ፣ ከድሮም ዓይንሽ ለአፈር የምንባባል። ጨርቁን ብብቴ ሥር ወሽቄ፣ ልጄን ለምስክርነት አስከትዬ ሱቋ ሄድኩ።

"ፀሐይ የበላው ጨርቅ ነው እንዴ የምትሸጪልኝ?" ብዬ ጀመርኩ። ገበያተኛው ከበበን።

አልማዝም የዋዛ አይደለችም። "ነይ እስቲ አንቺ ልጅ፣ በደንብ እዪው" አለቻት።

"አሁን ደህና ነው" አለች ምሕረት። ጉድ በሉ፣ ምስክሬ ከዳችኝ! "መርፌ ስከት ግን እንዲህ ሆኜ ነው ያየሁት" ብላ ግራ ዓይኗን ጨፈነች። "ይኸው ለቀቀ።" ቀኙን ስትጨፍን ደማቅ ቀይ፣ ግራውን ስትጨፍን ፈዛዛ።

አልማዝ ደስታዋን አልቻለችውም። "ጨርቄ ምን አጠፋ! የልጅሽን ዓይን አሳክሚ!" ስትል ሰው ሁሉ ሳቀ። ልጄ ግን ቀኝ ዓይኗን እየነካች፣ "ይሄኛውን ዓይኔን ሳዞረውም ያመኛል" አለች።

በማግስቱ ኦቶና ሆስፒታል ወሰድኳት። ሐኪሙ ከዚህ በፊት የደነዘዛት ነገር እንደነበር ሲጠይቀኝ ክው አልኩ። በበጋው እግሬ ደነዘዘ ብላ ስታነክስ ሰንብታ በራሱ ጊዜ ለቋት ነበር። እኔ ጫማ ጠቧት ነው ብዬ ሰፋ ያለ ገዛሁላት። ከዚያ አዲስ አበባ ተላክን፤ ኤምአርአይ ተነሣችና መልቲፕል ስክለሮሲስ ነው ተባለ። የሰውነት መከላከያ የገዛ ነርቩን የሚያጠቃበት ሕመም ነው፤ የዓይኗ መፍዘዝም የእግሯ መደንዘዝም ከዚሁ የመጣ ነው አሉኝ። በልጆች ላይ እምብዛም አይታይም፤ ምልክቱም መጥቶ ስለሚጠፋ ያዘናጋል።

አሁን መድኃኒቷን እየወሰደች ነው፤ ዓይኗም ተሽሏታል። ነገን ግን ሐኪሙም አይምልልኝም። እፈራለሁ፣ አልዋሽም።

አልማዝ ዛሬም ጨርቋ በሕዝብ ፊት እንዴት እንደተመሰከረለት ለገዢው ሁሉ ታወራለች። ታውራ! ያን ቀን አፍራ ጨርቁን ብትቀይርልኝ ኖሮ፣ አሸነፍኩ ብዬ እየሳቅኩ ልጄን ይዤ ቤቴ እገባ ነበር።