ከጀርባው የሚታወቀው መምህር

ያኔ፣ ልጅ ሳለሁ፣ ብልባላ ከተማ ዳር ያለችው ቤታችን ጭስ ስለሚበዛባት ድመታችን እንኳ እያሳለች ነበር አይጥ የምታድነው። አያቴ አባ ካሴ ግን በዚያ ጭስ መሀል ፍሙን እየቆሰቆሱ ተረት ሲያወሩ፣ ውጭ የታሰሩት አህዮች ሳይቀሩ ጆሯቸውን ወደ በሩ ያዞሩ ነበር። ደንብም ነበራቸው፤ ሰሚ ዝም አይልም፣ በየመሀሉ «እሺ፣ ከዚያስ?» እያለ ይገፋል። ዝም ከተባለ ተራኪው ተሸንፏል።

በዚያ ዓመት መምህር ሙሉቀን የሚባል ወጣት ከኮሌጅ ለማስተማር ልምምድ ተልኮ እኛ ቤት አረፈ። ከማፈሩ የተነሳ የሚያስተምረው ጥቁር ሰሌዳውን ነበር፤ ተማሪዎቹ ፊቱን ስለማያውቁት ገበያ ላይ ሰላም የሚሉት ከጀርባው ሲያዩት ብቻ ነው።

አንድ ምሽት «ነገ ፈታኝ ይመጣል፤ ከወደቅሁ ዓመቱን ልደግም ነው» ብሎ እህል አልቀምስ አለ።

«የምታስተምረው ማንን ነው?» አሉት አያቴ።

«ልጆቹን፣ አባባ።»

«እንግዲያ እነሱን እያቸው! ሰሌዳው እንደሆነ የትም አይሄድብህ። አይዞህ፣ ነገ እኔም እመጣለሁ።»

ይህን ሲሰማ ጭራሽ ገረጣ።

በማግስቱ አያቴ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ትምህርት ቤት ያልገባሁትን እኔን አስከትለው፣ አንገታቸውን በክፍሉ መስኮት አስገቡ። ፈታኙ ከኋላ ተቀምጧል። መምህር ሙሉቀን ለሰሌዳው «ፀሐይ ሲበረታ የወንዝ ውሃ ይተናል» አለው።

«እሺ፣ ከዚያስ?» አሉ አያቴ፣ ከሸለቆ ማዶ ሰው እንደሚጠሩ ጮኸው።

መምህሩ ደንግጦ ዞረ። «ውይ፣ ጢም አለው ለካ!» አለች አንዲት ተማሪ።

«ከዚያማ... ደመና ይሆናል፣ አባባ።»

«ከዚያስ?» አሁን ልጆቹም አብረው ጮሁ።

«ይዘንባል።»

«ከዚያስ?»

«ወንዝ ይገባል።»

«ከዚያስ?»

«እንደገና ይተናላ!»

አያቴ ተቆጡ። «ይሄ ምን ዓይነት ተረት ነው፣ ዞሮ ዞሮ እዚያው! ጨርሰው እንጂ፣ አንተ ልጅ!»

«አያልቅማ፣ አባባ! ቢያልቅ ኖሮ ገብስዎ ምን ይጠጣ ነበር?»

መምህሩ ሰሌዳውን ረስቶ፣ እጁን እያወናጨፈ፣ በዴስኮቹ መሀል እየተመላለሰ ይከራከራቸው ጀመር። ሳቁ የጣሪያውን ቆርቆሮ ነቅሎ ሙጃ ከተማ ድረስ ሊያደርሰው ምንም አልቀረው። ፈታኙ ራሱ መጻፉን ትቶ «ከዚያስ?» ሲል በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ።

መምህር ሙሉቀን ፈተናውን አለፈ። እኔ ፊደል ባልቆጥርም ያቺ ትምህርት ከውስጤ አልወጣችም፤ ዝናብ ሲጥል «ይሄ ሁሉ ውሃ ከየት መጣ?» የሚለኝ ሰው ካገኘሁ ዓይን ዓይኑን እያየሁ እጀምርለታለሁ። ችግሩ ማቆሙ ላይ ነው፤ ባለፈው ክረምት የጀመርኩለት እንግዳ እስካሁን እኔ ቤት ነው።