የአባቴ ወግ የነበረበት ድረ ገጽ

ባለፈው ማክሰኞ ባንክ ቤት ወረፋ ላይ ቆሜ ሳለሁ መብራት ብልጭ ብሎ ተመለሰ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ «ሲስተሙ አስወጥቶኛል፤ እንደገና ልግባ» አለችና የይለፍ ቃሏን መጻፍ ጀመረች። ሰው ሁሉ አጉረመረመ። እኔ ግን ከወረፋው ወጥቼ አግዳሚው ላይ ተቀመጥሁ። ያ ክረምት መጣብኝ።

አባቴ እዚሁ ጎንደር ጨርቅ ነጋዴ ነበር። በጎረምሳነቱ አቡጀዲና ጨው በበቅሎ ጭኖ እስከ ጃናሞራዋ መካነ ብርሃን ይወጣ ነበር፤ ዕድሜ ሲጫነው ግን እንፍራንዝና ኮላ ድባ ገበያ በማኪና ደርሶ ይመለስ ጀመር። ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ አንድ አጥኚ የድሮ ነጋዴዎችን ወግ ሲቀዳ፣ አባቴም ሱቁ ደጃፍ ተቀምጦ ሳምንት ሙሉ አወጋው። ቅጂው በይለፍ ቃል በሚከፈት ድረ ገጽ ላይ ተቀመጠ፤ መግቢያው ለእኛም ተሰጠን። ግን ማን ይቸኩላል? እሱ ራሱ ከነድምፁ እቤት ነበር። ከሞተ በኋላ ደግሞ እማዬ ሐዘኑ እስኪበርድላት መስማቱን ፈራችው።

ዓመት ሳይሞላ ድረ ገጹ ሊዘጋ ነው የሚል መልእክት ደረሰን። የቀረን እሑድ ብቻ ነበር። እኔ ያኔ ኮምፒውተር ተምሬ ሥራ የያዝሁ ሰሞን ነው። ወጉ ብዙ ቦታ ተቆራርጦ ስለተቀመጠ፣ በዚያ በሚንቀረፈፍ ኢንተርኔት አንድ በአንድ ማውረድ የማይታሰብ ነበር። ስለዚህ በእኛ የይለፍ ቃል ገብቶ ሁሉንም በተርታ የሚያወርድ ኮድ ጻፍሁ።

እሑድ ከቀትር በኋላ ላፕቶፔን ይዤ ቢሮ ገባሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ደጅ የሚጠበስ የበቆሎ እሸት ሽታ በመስኮት ይገባል። የመጀመሪያው ቅጂ እንደወረደ ከፈትሁት። አባቴ ጉሮሮውን ጠራረገና፣ «ቢስሚላህ። እንግዲህ ከየት ልጀምርልህ?» አለ።

ዘጋሁት። ብቻዬን አልቻልሁም፤ የቀረውን ከእማዬ ጋር እንሰማዋለን ብዬ ተውሁት። ወዲያው መብራት ሄዶ ኢንተርኔቱ ተቋረጠ። ሲመለስ ኮዱ ካቆመበት ቀጠለ። «ወርዷል» የሚለው ቃል እስከ መጨረሻው ተደረደረልኝ።

እቤት ስደርስ እማዬ ሻሿን አስተካክላ፣ እንግዳ እንደሚጠብቅ ሰው ተቀምጣ ነበር። የመጀመሪያውን ስትሰማ አፏን በእጇ ሸፈነች። ሁለተኛውን ከፈትሁ። ሦስተኛውን።

«ምነው ዝም አለ?» አለችኝ።

«ቆይ እማዬ፣ አሁን ይናገራል።»

ሁሉንም ከፈትሁ። ድምፅ አልነበረም። ውስጣቸውን ስመለከት ሁሉም አንድ ገጽ ናቸው። ለካ መስመሩ ሲቋረጥ ድረ ገጹ አስወጥቶን ኖሮ፣ በእያንዳንዱ ቅጂ ፈንታ «የይለፍ ቃል ያስገቡ» የሚለውን ገጽ ሲልክ፣ ኮዱም ያንኑ እየተቀበለ በአባቴ ስም አስቀምጦታል።

እቤት ኢንተርኔት አልነበረንም፣ ቢሮውም ሌሊት ዝግ ነው፤ ሰኞ ማለዳ ስደርስ ድረ ገጹ አልነበረም። አጥኚው ቅጂው ሌላ ቦታ እንዳልተረፈ አዝኖ ጻፈልኝ።

እማዬ ያችን አንዷን እስክትሞት ድረስ ትሰማት ነበር። አንዳንዴም «ከጃናሞራው መንገድ ጀምርለት» ብላ ትመልስለታለች። ከዚያ ትጠብቃለች።

ዛሬ እሷም የለችም። ሰው ስለ አባቴ ሲጠይቀኝ የደረሰባቸውን ገበያዎች ስም እጠራለሁ። መንገዱን ግን አላውቀውም፤ የሚያውቅ ሰውም አልቀረልኝም።